መስጠትና መታቀብ፦ የፍቅረ ቢጽ ሁለት እጆች



በየቁምስናው ለችግረኞች መዋጮ በሚሰበሰብበት ጊዜ ሁለት ጥያቄዎች ይነሣሉ። አንደኛው «የእኔ ጥቂት ብር የስንቱን ችግር ያቃልላል?» የሚል ነው። ሁለተኛው ግን ጠለቅ ብሎ፣ «ድኻውን ያደኸየው ግፍ ከሆነ፣ ግፉ ሳይነካ ምጽዋት ብቻውን ምን ይፈይዳል?» ይላል። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ይህንን ሁለተኛውን ጥያቄ ነው። መልሱንም አስቀድመን ባጭሩ እንናገር፦ ክርስቲያን የተቸገረውን በሚሰጠው ነገር ብቻ ሳይሆን፣ ከመግዛት በሚታቀበውም ነገር ሊረዳው ይችላል። ነገር ግን መስጠት የሌለበት መታቀብ የተቸገረውን ወደ ባሰ ችግር ሊጥለው ይችላል።

1. ጾምና ምጽዋት አይለያዩም

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን መታቀብ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ከልጅነታችን ጀምሮ ከሥጋና ከወተት ርቀን መጾምን ለምደናል። የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ግን ጾሙ በጿሚው ሆድ ብቻ እንዲቀር አልፈቀደችም። በ2ኛው መቶ ዓመት የተጻፈውና ወደ ግእዝም የተተረጎመው «የሄርማ እረኛ» የተባለው መጽሐፍ፣ ጿሚው ሳይበላ የዋለውን ምግብ ዋጋ አስልቶ ለመበለት፣ ለሙት ልጅ ወይም ለሌላ ችግረኛ እንዲሰጥ ያስተምራል። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የሚወደውን ጾም ሲገልጥ፣ የግፍን እስራት መፍታትንና ለተራበ ማካፈልን አንድ ላይ ያያይዛቸዋል። እንግዲህ በእውነተኛ ጾም ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ፦ መታቀብ፣ ማካፈልና የታሰረውን መፍታት።

2. መግዛትም የኅሊና ጉዳይ ነው

ገንዘባችንን ከፍለን የምንገዛው ዕቃ በስተጀርባው የሠራው ሰው አለ። ሐዋርያው ያዕቆብ አጫጆች የተነፈጉት ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ያስጠነቅቃል (ያዕ. 5፥4)። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮን 13ኛ በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው፣ ሠራተኛው ተስማምቶ የተቀበለው ደመወዝ እንኳ ለኑሮው የማይበቃው ከሆነ ፍትሕ እንዳልተፈጸመ አስተምረዋል። በነዲክቶስ 16ኛ በ2009 መግዛት የኢኮኖሚ ተግባር ብቻ ሳይሆን ምንጊዜም የግብረ ገብ ተግባር መሆኑን ገልጸዋል። ፍራንቸስኮስም በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው፣ ሸማቾች አንዳንድ ምርቶችን ባለመግዛታቸው የኩባንያዎችን አሠራር ለመለወጥ እንደቻሉ አመልክተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

3. የዴላኖ ወይን ለቃሚዎች

በአሜሪካ፣ በካሊፎርንያ፣ ዴላኖ በምትባል ከተማ ዙሪያ ሰፋፊ የወይን እርሻዎች አሉ። በ1965 በእነዚህ እርሻዎች ከሚለቅሙት ብዙዎቹ ከፊሊፒንስና ከሜክሲኮ የመጡ ድኾች ነበሩ። በ1935 የወጣው የአሜሪካ የሠራተኛ ማኅበራት ሕግ የእርሻ ሠራተኞችን ስላላካተተ፣ ተደራጅተው ከአሠሪ ጋር ለመደራደር የሕግ ዋስትና አልነበራቸውም። ሴፕቴምበር 8 ቀን 1965 በላሪ ኢትሊዮንግ የሚመሩት ፊሊፒናውያን፣ የሰዓት ደመወዛቸው 1 ዶላር ከ40 ሳንቲም እንዲሆን ጠይቀው ሥራ አቆሙ። ከስምንት ቀን በኋላም አብዛኞቹ አባላቱ የሜክሲኮ ተወላጆች የሆኑ፣ ሴሳር ቻቬዝና ዶሎሬስ ዌርታ የመሠረቱት ማኅበር በዴላኖ የጓዳሉፔ እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተሰብስቦ ከእነርሱ ጋር ለመቆም ወሰነ።

ባለ እርሻዎቹ ሌሎች ለቃሚዎችን አምጥተው ሥራውን ቀጠሉ። ሥራ ያቆሙት ቤተ ሰቦች ደግሞ የሚበሉት ያስፈልጋቸው ነበር። በዚህ ጊዜ የመጀመሪያው እጅ ተዘረጋ። በፊሊፒናውያን አዳራሽ የጋራ ማእድ ተዘጋጀ፤ በጎ አድራጊዎች ከሩቅ ከተሞች ምግብና ልብስ ጭነው መጡ፤ የአውቶሞቢል ሠራተኞች ማኅበርም በየወሩ 5,000 ዶላር ለመስጠት ቃል ገባ።

ይሁን እንጂ ስንቅ ረኀብን ያስታግሣል እንጂ ደመወዝን አያሻሽልም። ስለዚህ ሠራተኞቹ ራሳቸው ሁለተኛውን እጅ ለመኑ፤ ሸማቹ ሕዝብ የወይኑን ፍሬ እንዳይገዛ ጠየቁ። በ1967 ጥሪያቸው በአንድ ትልቅ አምራች ላይ ብቻ ነበር። አምራቹ ፍሬውን በሌሎች አምራቾች ምልክት እያሸገ መሸጥ ሲጀምር ግን፣ በ1968 ጥሪው በካሊፎርንያ ለገበታ በሚቀርበው የወይን ፍሬ ሁሉ ላይ ሆነ። ለቃሚዎቹ ወደ ኒው ዮርክ፣ ወደ ቺካጎ፣ ወደ ቦስተንና ወደ ቶሮንቶ ሄደው በየገበያው ደጃፍ ለቤት እመቤቶች ኑሮአቸውን አስረዱ። በዚያው ዓመት፣ ከሠራተኞቹ አንዳንዶቹ ወደ ኃይል ሥራ ማዘንበላቸው በታየ ጊዜ፣ ቻቬዝ ወደ ሰላማዊው መንገድ እንዲመለሱ 25 ቀን ጾመ።

በ1969 የአሜሪካ ካቶሊካውያን ጳጳሳት ልዩ ኮሚቴ አቋቁመው ሁለቱን ወገኖች ለማቀራረብ ደከሙ። ጁላይ 29 ቀን 1970 ከሃያ በላይ የሚሆኑ አምራቾች በዴላኖ ውል ፈረሙ። ደመወዙ በሰዓት 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም ሆነ፤ ለሕክምና መዋጮ ተደነገገ፤ ሠራተኞቹን ከፀረ ተባይ መርዝ የሚጠብቅ ሥርዓትም ተደረገ። ጥሪውም ተነሣ። ውሉ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲያበቃ ብዙዎቹ አምራቾች ከዚህ ማኅበር ጋር ስላላደሱት ትግሉ እንደገና ተጀመረ፤ በ1975 ግን ካሊፎርንያ የእርሻ ሠራተኞችን የመደራጀት መብት የሚጠብቅ ሕግ አወጣች። ፍትሕ አንድ ጊዜ ተለቅሞ የሚያበቃ ፍሬ አይደለም።

4. መስጠት የጎደለው መታቀብ

አሁን ደግሞ ተቃራኒውን እንመልከት። በ1992 በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት በሕፃናት ጉልበት የተሠራ ዕቃ ወደ ሀገሪቱ እንዳይገባ የሚከለክል ረቂቅ ሕግ ቀረበ። አሳቡ በጎ ነበር። ነገር ግን ገበያቸው እንዳይዘጋ የፈሩ የባንግላዴሽ ልብስ ፋብሪካዎች ብዙ ሺህ ሕፃናትን በድንገት አሰናበቱ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት (ዩኒሴፍ) እንዳሳወቀው፣ ብዙዎቹ ድንጋይ እንደ መፍጨት ወዳለ የከፋ ሥራ ገቡ። በሩ ተዘጋባቸው እንጂ ሌላ በር አልተከፈተላቸውም ነበር። በ1995 የፋብሪካ ባለቤቶች ማኅበር፣ ዩኒሴፍና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ተስማምተው ሕፃናቱ ትምህርት ቤት እንዲገቡና ወርኃዊ ድጎማ እንዲያገኙ ሲያደርጉ ነው መታቀቡ ከመስጠት ጋር የተገናኘው።

5. አራት መመዘኛዎች

ከሁለቱ ታሪኮች፣ አንድን ነገር እንዳንገዛ ጥሪ ሲደርሰን ኅሊናችንን የምንመረምርባቸው አራት መመዘኛዎች እናገኛለን።

ሀ) ጥሪው ከተበደሉት ከራሳቸው የመጣ ነውን? በስማቸው ሌላው ሲቈጣ እነርሱ ሊከስሩ ይችላሉ።
ለ) የሚጠየቀው ነገር ግልጽና እውነተኛ ነውን? በወሬ የሰውን ስም ማጥፋት ስምንተኛውን ትእዛዝ መጣስ ነው።
ሐ) በደሉ ሲታረም ያበቃልን? መጨረሻ የሌለው መታቀብ በቀል ይሆናል። በዘር ወይም በሃይማኖት ምክንያት ከጎረቤት አለመግዛትም ጥላቻ እንጂ ፍትሕ አይባልም።
መ) ሳንገዛ ያስቀረነው ገንዘብ የት ገባ? በኪሳችን ከቀረ ጾማችን ግማሽ ነው።

6. ከቤታችን እንጀምር

ስለ ሩቅ ሀገር ግፍ መናገር ይቀላል። ነገር ግን በቤታችን የምታገለግለው ሠራተኛ ደመወዝዋ በወቅቱ ይደርሳታልን? ቅዳሴ አስቀድሰን ስንመለስ ከጉልት ላይ ጎመን የምትሸጠዋን እናት አምስት ብር ለማስቀነስ ስንት ጊዜ እናደክማታለን? በዚያው ቀን ለሙዳየ ምጽዋት የጣልነው ገንዘብ ከእርሷ ያስቀነስነው ከሆነ፣ የሰጠነው የእርሷን እንጂ የራሳችንን አይደለም። ደጉ ሳምራዊ ቁስሉን በዘይትና በወይን አጠበ፤ ለእንግዳ ማደሪያው ባለቤትም ከራሱ ገንዘብ ከፈለ (ሉቃ. 10፥25-37)። ቁስለኛውን ያነሣ ሰው መንገዱ ወንበዴ የሌለበት እንዲሆን ቢደክም፣ ያንኑ ፍቅር ወደ ፊት ማራመዱ ነው። ነገር ግን ለመንገዱ ሲሟገት ቁስለኛውን በወደቀበት የተወ፣ እንደ ሌዋዊው አልፎ ሄዷል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን የጾም ወራት ወጪያችን ይቀንሳልን? የቀነሰው ለማን ይደርሳል?
2. በዴላኖና በባንግላዴሽ ታሪኮች መካከል ዋናው ልዩነት ምንድን ነው?
3. በአካባቢያችን በዝቅተኛ ዋጋ የምንገዛው፣ ነገር ግን የሠራው ሰው ተገቢ ዋጋውን የማያገኝበት ነገር አለን? ስለዚህ ጉዳይ ሠራተኞቹን ራሳቸውን ጠይቀናቸዋልን?

ለድኾች ጩኸት ጆሮውን የማይደፍን አምላክ ለመስጠት የተዘረጋ፣ ከግፍም የተሰበሰበ እጅ ይስጠን። አሜን።