ማሳሰቢያ፦ የሥራ ቦታችን አየር ሲለካ

ይህ ማሳሰቢያ አሜሪካ ውስጥ በፓርኪንግ፣ በጽዳት፣ በመጋዘንና በቡና መቁያ ለምንሠራ ሁሉ ነው። ኒዮሽ የተባለው የፌዴራል መንግሥት የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም በ1970 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ነው፤ ሠራተኛው ውሎው ላይ ለምን እንደሚጋለጥ ይለካል፣ ያጠናል። ተቋሙ ራሱም ይመዘናል። ከ2006 እስከ 2009 የአሜሪካ ብሔራዊ አካዳሚዎች ስምንት ፕሮግራሞቹን ገምግመው፣ ለሠራተኛው ባላቸው አግባብነትና ባመጡት ለውጥ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ሰጥተዋል። ነጥቡን የሚሰጡት ባለሙያዎች ናቸው፤ ማስረጃው የሚነሣው ግን ከእኛ ነው።

በ2000 ሚዙሪ ውስጥ በአንድ የፈንድሻ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ ስምንት ሰዎች በከባድ የሳንባ በሽታ መያዛቸው ታወቀ። ኒዮሽ ገብቶ ሲለካ ጣቱን የቀሰረው በቅቤ ማጣፈጫው ትነት፣ በተለይም ዳያሴቲል በሚባለው ኬሚካል ላይ ነበር። ይኸው ኬሚካል ምንም ማጣፈጫ ያልገባበት ቡና ሲቆላም ይፈጠራል፤ ሲፈጭ ደግሞ በብዛት ይወጣል። በ2016 ኒዮሽ በሥራ ቀን በአማካይ ከአንድ ቢሊዮን የአየር እጅ 5 እንዳያልፍ መከረ። የስምንት ሰዎች ሕመም ተደምሮ ባይታይ ኖሮ፣ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ቡና የሚፈጨው ወገናችን ምን እንደሚተነፍስ የሚነግረው አያገኝም ነበር።

ከልኬቱ በፊት

እናድርግ፦
• ኒዮሽንና ኦሻን እንለይ፤ ኦሻ የተባለው የፌዴራል የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ይቆጣጠራል፣ ይቀጣል፤ ኒዮሽ ግን አጥንቶ ይመክራል።
• ኒዮሽ መጥቶ እንዲለካ የምንጠይቀውን ጥያቄ በጋራ እናቅርብ፤ ከሦስት በላይ ሠራተኛ ባለበት የሦስት ሰው ፊርማ ወይም የዩኒየን ተወካይ ያስፈልጋል።
• ስማችን ለአሠሪው እንዳይነገር ከፈለግን በግልጽ እንጠይቅ፤ ይህ መብታችን ነው።
• ኒዮሽ በወቅቱ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚቀበል እናጣራ፤ በኤፕሪል 2025 ብዙ ሠራተኞቹ የስንብት ደብዳቤ ደርሷቸዋል።

እንተው፦
• “ሌላው ይጠይቅ” አንበል፤ ሁሉም እንዲህ ካለ ማንም አይጠይቅም።
• አሠሪውን ከወዲሁ በጠላትነት አንፈርጅ፤ እሱም ጥናቱን መጠየቅ ይችላል፣ ከእኛው ወገን የሆኑ አሠሪዎችም አሉ።

በልኬቱ ቀን

ከወገባችን ትንሽ ፓምፕ ይታሰራል፤ ቀጭን ቱቦው በትከሻችን ዞሮ ኮሌታችን ላይ ይቆለፋል። የሚፈለገው አፍንጫችን አጠገብ ያለው አየር ነው።

እናድርግ፦
• እንደ ወትሯችን እንሥራ፤ የምንለካው የዘወትሩን ቀን ነው።
• የተለየ ነገር ከተፈጠረ እናስመዝግብ፤ የተደፋ ኬሚካል ወይም የቆመ ፋን ቁጥሩን ይለውጣል።
• ጥያቄው ካልገባን አስተርጓሚ እንጠይቅ፤ በግምት የተሞላ መጠይቅ ሌላውን ሠራተኛ ያሳስታል።

እንተው፦
• ፓምፑን ፈትተን ሎከር ውስጥ አናስቀምጥ፤ የሎከሩ ንጹሕ አየር በእኛ ስም ይጻፋል።
• ለዚያ ቀን ብቻ በር አንክፈት፣ ወፍጮም አናቁም፤ በማግስቱ የሚገባው ሽፍት ባልተለካ አየር ይሠራል።
• ቱቦውን ሆን ብለን ወደ ጭሱ አናስጠጋ፤ የተጋነነ ቁጥር ሲጋለጥ እውነተኛውም አይታመንም።
• ስለ ሳላችን ስንጠየቅ “ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን” ብለን አንለፍ፤ ምስጋናው መልካም ነው፣ ሳሉ ግን ሳይመዘገብ ይቀራል።

ውጤቱና ፕሮግራሙ ሲመዘን

እናድርግ፦
• ሁለቱንም ገደብ እንይ፤ ለካርቦን ሞኖክሳይድ የኦሻ የስምንት ሰዓት አማካይ ከአንድ ሚሊዮን 50፣ የኒዮሽ ምክር ደግሞ 35 ነው። በፓርኪንግ አማካዩ 40 ቢሆን የኦሻ ገደብ አልተጣሰም፤ ከምክሩ ግን አልፏል።
• “ከልኬቱ በኋላ ምን ተለወጠ?” ብለን እንጠይቅ፤ ፋን ካልተተከለ፣ ወፍጮው ካልተከደነ፣ ቁጥሩ ወረቀት ላይ ቀርቷል ማለት ነው።
• ማን ሳይለካ እንደቀረ እንይ፤ የሌሊት ሽፍት፣ የኤጀንሲ ሠራተኛና እንግሊዝኛ የማይችል ወገን ብዙ ጊዜ ይዘለላሉ።
• አስተያየት ስንጠየቅ ያየነውን በቀንና በቦታ ለይተን እንናገር፤ ጥቅል ምሬት ለገምጋሚ አይያዝም።

እንተው፦
• ፕሮግራሙን በናሙና ብዛት አንመዝን፤ ብዙ ለክቶ ምንም ያልለወጠ፣ ጥቂት ለክቶ አንድ ፋብሪካ ካስተካከለ አይበልጥም።
• “ከገደብ በታች ነው” ሲባል ምንም አይነካንም አንበል፤ አብዛኞቹ የኦሻ ገደቦች ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ አልታደሱም።
• ደንብ ባለመውጣቱ ተመራማሪውን ብቻ አንውቀስ፤ ደንብ ማውጣት የእሱ ሥልጣን አይደለም።
• ማስክ ስለታደለን ብቻ ነገሩን አንዝጋ፤ ምንጩ ካልተከደነ ማስኩን ያወለቀ ሁሉ ይተነፍሰዋል።

በማመልከቱ የተባረረ ወይም ሰዓቱ የተቀነሰበት ወገን ካለ፣ ለኦሻ አቤት የሚልበት ጊዜ 30 ቀን ብቻ ስለሆነ ዛሬውኑ እናግዘው። በሥራ ቦታችሁ ጥናት ተካሂዶ ከሆነ ደግሞ ሪፖርቱን ለማኅበራችን ስብሰባ ይዛችሁ ኑ፤ እንግሊዝኛውን የሚችል ለማይችለው ያንብብለት፣ ያልተፈጸመውንም ምክር አብረን ጽፈን እናስታውስ።