ተከታታይ መጻሕፍትን ከየትኛው እንጀምር?

(የሳይንስ ልብ ወለዶችን የንባብ ቅደም ተከተል ስለ መወሰን የቀረበ ትምህርታዊ ጽሑፍ)



ነገ ክፍል የምንረከብ ዕጩ መምህራን እንደ መሆናችን መጠን፣ ተማሪ መጥቶ «እነዚህ መጻሕፍት የተያያዙ ናቸው አሉኝ፤ የትኛውን ላስቀድም?» ብሎ ሲጠይቀን «ያገኘኸውን አንብብ» ብለን ብቻ ልንሸኘው አይገባም። ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። በተለይም እንደ ቦዲቲ ባለው አካባቢ አብዛኛው ልጅ በቤቱ የሚናገረው ወላይትኛ ነው፤ ንባብንም የሚጀምረው በላቲን ፊደል በሚጻፈው በወላይትኛ ነው። አማርኛና የግዕዙ ፊደል የሚመጡበት በኋላ ነው። እንዲህ ያለው አንባቢ ሃያ ገጽ ያህል ተጉዞ «ይህ ሰውዬ ደግሞ ማን ነው? ከየት መጣ?» እያለ ከተደናገረ መጽሐፉን ዘግቶ ያስቀምጠዋል። ጥፋቱ የቅደም ተከተሉ ሆኖ ሳለ «የአማርኛ መጽሐፍ ለእኔ አይሆንም» ብሎ በራሱ ላይ ይፈርዳል። ነገሩ የመምህር ጉዳይ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው።

ሀ) ሁለቱ ቅደም ተከተሎች

የተያያዙ መጻሕፍት ሁለት ዓይነት ተራ ሊኖራቸው ይችላል። አንደኛው መጻሕፍቱ ታትመው የወጡበት ተራ ነው። ሁለተኛው በታሪኩ ውስጥ ድርጊቱ የተፈጸመበት ተራ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ችግር የሚመጣው ደራሲው መጀመሪያ መካከሉን ጽፎ፣ በኋላ ወደ መነሻው ሲመለስ ነው።

ይህንን በምሳሌ እንመልከት። ከሶዶ ተነስቶ ወደ ሻሸመኔ የሚጓዝ ሰው ቦዲቲን፣ ሾኔን፣ ሀላባን በተራ ያገኛቸዋል። ይህ የመንገዱ ተራ ነው፤ ሊለወጥ አይችልም። ሰውየው ግን ሲመለስ ወሬውን የግድ ከቦዲቲ አይጀምርም። «ሀላባ ላይ ምን እንደገጠመኝ ልንገርህ!» ብሎ ይጀምርና፣ ሰሚው ጆሮውን ሲሰጠው፣ «ለካስ ነገሩ የተጠነሰሰው ገና ቦዲቲ ሳለን ነው» ብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል። እንግዲህ ሰሚው «የለም፣ በመንገዱ ተራ ንገረኝ» ቢለው ምን ይሆናል? ድርጊቱ ያው ነው፤ ጨዋታው ግን ጣዕሙን ያጣል። መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ይመጣልና።

ለ) ከዓለም ጸሐፊዎች አንድ ምሳሌ

በዚህ ረገድ የታወቀው ምሳሌ አይዛክ አሲሞቭ ነው። አሲሞቭ በአሜሪካ በቦስተን ዩኒቨርሲቲ የባዮኬሚስትሪ መምህር የነበረ ሲሆን፣ «ፋውንዴሽን» የተባሉትን ታሪኮች እ.ኤ.አ. ከ1942 ጀምሮ በመጽሔት አወጣቸው። በኋላም በ1951፣ በ1952 እና በ1953 ሦስት መጻሕፍት ሆነው ታተሙ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ የሒሳብ ሊቅ የሰፊውን የጠፈር መንግሥት ውድቀት አስቀድሞ ያሰላል፤ ከውድቀቱ በኋላ የሚመጣውን የጨለማ ዘመን የሚያሳጥር ዕቅድም ያወጣል። በመጀመሪያው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ሊቁ ሽማግሌ ሆኖ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው እንጂ እርሱ ራሱ የለም። አንባቢው «ይህ ሰው እንዴት ያለ ሰው ኖሯል? ዕቅዱስ ይሠራ ይሆን?» እያለ ገጽ ይገልጣል።

አሲሞቭ ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ወደዚያው ታሪክ ተመለሰ። በ1982 እና በ1986 ተከታዮቹን ጻፈ። በ1988 ደግሞ የሊቁን ወጣትነት የሚተርክ «ፕሪሉድ ቱ ፋውንዴሽን» የተባለ መጽሐፍ አወጣ። በታሪኩ ዘመን ሲቆጠር ይህ ከ1951ዱ ይቀድማል። ከዚህም በላይ በ1950ዎቹ የጀመራቸውን የሮቦት ልብ ወለዶች በ1983 እና በ1985 ባወጣቸው መጻሕፍት አማካይነት ከፋውንዴሽን ጋር አያያዛቸው። አሲሞቭ በ1992 ሲሞት የመጨረሻው መጽሐፍ ገና አልታተመም ነበር፤ በ1993 ወጣ።

ደራሲው ራሱ በ1988ቱ መጽሐፍ መግቢያ ላይ 14 መጻሕፍትን በታሪኩ ዘመን ተራ ዘርዝሯል። ታዲያ ደራሲው ከዘረዘረ ምን እንከራከራለን? ያሰኝ ይሆናል። ነገር ግን ዝርዝሩ ዘመኑን ያሳያል እንጂ አዲስ አንባቢ የት ላይ እንደሚደናገር አያሳይም። በ1986ቱ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ አንባቢው ያልጠበቀው የቆየ ባለታሪክ ብቅ ይላል። የሮቦቶቹን መጻሕፍት ያላነበበ ሰው «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ብሎ ያልፈዋል፤ የ1988ቱን ያስቀደመ ደግሞ ምስጢሩን አስቀድሞ ሰምቶታል። ስለዚህ ለአዲስ አንባቢ የሚሻለው ተራ ይህ ነው፤ በመጀመሪያ የ1951፣ የ1952 እና የ1953ቱ ሦስት መጻሕፍት፤ ቀጥሎ በ1954 እና በ1957 የወጡት ሁለቱ የሮቦት ልብ ወለዶች፤ ከዚያ ከ1982 ወዲህ የወጡት እንደ አወጣጣቸው።

መጽሐፉን ያላገኘ ሰው በፊልም ሊረዳው ይችላል። «ስታር ዋርስ» የተባለው ፊልም በ1977 ሲወጣ መካከለኛው ክፍል ነበር፤ «ክፍል አንድ» የተባለው የወጣው በ1999 ነው። በ1980 በወጣው ፊልም በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ዝምድና ድንገት ይገለጣል። ያላያችሁት ትኖራላችሁና እዚህ አልናገረውም። ከ1999ኙ የጀመረ ተመልካች ግን ዝምድናውን እያወቀ ስለሚደርስ፣ ሌላው ሲደነግጥ እርሱ ቁጭ ብሎ ያያል።

ሐ) ወደ ሀገራችን ስንመለስ

በአማርኛ ሳይንስንና ስለላን አዋህዶ በስፋት የተነበበው የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ነው። በ2001 ዓ.ም. ታተመ፤ «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ» ተከተሉት። እዚህ ላይ የሚያከራክር ነገር የለም፤ ዴርቶጋዳ ይቀድማል፣ ራማቶሓራ ይከተላል፣ ዣንቶዣራ ይሠልሳል። የኋለኞቹ የፊተኛውን ሰዎችና ምስጢሮች እንደሚታወቁ አድርገው ስለሚነሡ፣ ከመካከል የጀመረ ሰው ደራሲው ያላሰበውን እንቆቅልሽ ሲፈታ ይውላል።

ነገር ግን የአንድ ደራሲ መጻሕፍት ሁሉ እንዲህ የተሳሰሩ አይደሉም። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.)፣ «ወንጀለኛው ዳኛ» (1974 ዓ.ም.) እና «የልም እዣት» (1980 ዓ.ም.) አንድ ላይ ሲጠሩ ይሰማል። ይሁንና አንዱ የሌላውን ታሪክ አይቀጥልም፤ የሚያገናኛቸው የደራሲው አመለካከት ነው። ስለሆነም የመጀመሪያውን ያላገኘ ተማሪ ሦስተኛውን ቢያነብ ምንም አይጎድልበትም። በዓሉ ግርማ ደግሞ በ1966 ዓ.ም. ያወጣውን «የህሊና ደወል» እንደገና ጽፎ በ1975 ዓ.ም. «ሐዲስ» ብሎ አሳተመው። እዚህ ያለው አንድ ታሪክ ሁለት ጊዜ መጻፉ ነው። ለተራ አንባቢ የኋለኛው ብቻውን ይበቃል። ለእኛ ግን ሁለቱን በወጡበት ተራ ማንበብ ይጠቅመናል፤ የገዛ ጽሑፍን መልሶ ማረም ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አይገኝም።

መ) ሦስት መመዘኛዎች

ከላይ ካየነው በመነሣት ማንኛውንም ተከታታይ ሥራ በሚከተሉት ሦስት ጥያቄዎች መመዘን ይቻላል።

1ኛ. አንዱ መጽሐፍ ሌላው ያነሣውን ጥያቄ ይመልሳልን? ከመለሰ፣ ጥያቄው ይቅደም፤ መልሱ ይከተል።

2ኛ. መጽሐፉ ሰዎቹንና ቃላቱን ያስተዋውቃል ወይስ እንደሚታወቁ ቆጥሮ ያልፋል? የሚያስተዋውቀው ይቅደም።

3ኛ. ለዚህ ተማሪ የትኛው በር ይሰፋዋል? አጭሩና ቋንቋው የሚቀለው ለብቻው መቆም የሚችል ከሆነ፣ ከተራው ወጥቶም ቢሆን ይቅደም።

ሦስቱ ሲጋጩ ሦስተኛው ይበልጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የመጽሐፉን ጣዕም ይጠብቃሉ፤ ሦስተኛው ግን አንባቢውን ይጠብቃል። አንባቢው ከጠፋ የመጽሐፉ ጣዕም ለማን ነው? ጥርጣሬ ካለና የሚጠየቅ ሰው ከሌለ ደግሞ የኅትመቱን ዓመት አይቶ በአወጣጡ መሄድ ነው። ደራሲው ሲጽፍ በሐሳቡ የነበረው ያንን የፊተኛውን ያነበበ ሰው ነውና ብዙ ጊዜ አያሳስትም።

ሠ) ሁለተኛው ብቻ ቢገኝስ?

«ይህ ሁሉ መጽሐፉ ሲኖር ነው!» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። አንዲት ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር የመጀመሪያው ሳይመለስ ሁለተኛው ይደርሰናል። እንዲህ ሲሆን ልጁን «ጠብቅ» ማለት ብቻ መፍትሔ አይሆንም፤ የማንበብ ፍላጎት እንደ ትኩስ ቡና ነው፣ ሲቆይ ይበርዳል።

የሚሻለው ይህ ነው። የመጀመሪያውን ያነበበ ተማሪ ተፈልጎ ለጓደኛው ታሪኩን በአምስት ደቂቃ በቃሉ ይንገረው። በፈለገው ቋንቋ ይሁን፤ በወላይትኛ ቢነግረው ይበልጥ ይገባዋል። ተራኪውም ቢሆን ያነበበውን ማሳጠር ይለማመዳል። ከዚህ ሌላ እያንዳንዱ አንባቢ መጽሐፉን ሲመልስ በሽፋኑ ውስጥ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ይተው። በወረቀቷ ላይ የባለታሪኮቹ ስም፣ ማን የማን ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ገጽ እንደገቡ ይጻፍ። አንድ ሕግ ብቻ ይከበር፤ የመጨረሻው ምስጢር አይጻፍ! ወጪዋ አንድ ቅጠል ወረቀት ነው፤ ከመካከል ለሚጀምር ልጅ ግን መሪ ትሆነዋለች።

ረ) ለማስተማር ሥራችን ምን ይጠቅመናል?

በሳይንስ ትምህርት የምንሠራው ከዚህ የራቀ አይደለም። በተፈጥሮ ተራ ከሄድን ሞለኪውል ከውሃው ይቀድማል፤ ውሃው የተሠራው ከሞለኪውል ነውና። ነገር ግን ክፍል ገብተን ከሞለኪውል ብንጀምር ማን ይሰማናል? መጀመሪያ ጀበናው ሲፈላ እንፋሎቱ ክዳኑን ለምን እንደሚያነቃንቅ እንጠይቃለን፤ ተማሪው «ለምን?» ሲል ያን ጊዜ ሞለኪውሉን እናመጣለን። የተፈጥሮ ተራና የማስተማር ተራ ይለያያሉ። ሁልጊዜ ከ«መጀመሪያው» ልጀምር ብሎ የሚቸኩል መምህር፣ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ያልተጠየቀውን መልሶ ሲያበቃ ጥያቄውን ለመፍጠር ወደ ኋላ መመለሱ አይቀርም።

ስለዚህ ተማሪ «የትኛውን ላስቀድም?» ሲለን የምንመልስለት በታሪኩ ዘመን መጀመሪያ የሆነውን ሳይሆን «ቀጥሎስ?» የሚያሰኘውን መጽሐፍ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ያነበባችሁትን ወይም ያያችሁትን አንድ ተከታታይ ሥራ በሦስቱ መመዘኛዎች መዝኑ። የትኛውን ታስቀድማላችሁ? ለምን?

2. አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ «ራማቶሓራ»ን ብቻ ይዞ መጣ። ምን ትሉታላችሁ? «ዴርቶጋዳ»ን ያነበበ ሰው ምስጢሩን ሳያወጣ በአምስት ደቂቃ ይተርክለት።

3. ከምታስተምሩት የትምህርት ዓይነት የተፈጥሮ ተራውና የማስተማር ተራው የሚለያዩበትን አንድ ርዕስ አምጡና በጋራ ተወያዩበት።