ስለት ይዞ ቁልቢ መውጣት

የቁልቢ ገብርኤል በዓል የሚከበርበት ታኅሣሥ 19 ሲቃረብ ድሬዳዋ በእንግዳ ትሞላለች። ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር የመጣው በከዚራና በሳቢያን ሰፈሮች አድሮ በመኪና ይወጣል፤ ጉልበት ያለው በዋዜማው የደንገጎን ዳገት በእግሩ ይያያዘዋል። ከከተማችን እስከ ቁልቢ ገብርኤል ወደ 70 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከቆላው ሙቀት ተነሥቶ ወደ ሐረርጌ ደጋ ብርድ የሚያደርስ መንገድ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ሲደረስ አንዲት እናት ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ድንጋይ በጀርባዋ አዝላ ሽቅብ ስትወጣ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ለዚህች እናትና አብረዋት ለሚወጡት ሁሉ ነው ይህ ትምህርት።

ወጣቶቻችን ደጋግመው የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፤ እግዚአብሔር በሁሉም ቦታ ካለ ቁልቢ ድረስ ምን አስኬደን? ጥያቄው የድፍረት አይደለም፤ ንጉሥ ሰሎሞንም ቤተ መቅደሱን ሲመርቅ ጠይቆታል (1ኛ ነገሥት 8፥27)። ሰማይና ሰማየ ሰማያት የማይችሉትን አምላክ እኔ የሠራሁት ቤት እንዴት ይችለዋል ብሎ ከተደነቀ በኋላ፣ ወደዚያ ቤት ዞረው ለሚጸልዩ ሁሉ፣ ከሩቅ አገር ለሚመጣው እንግዳ ጭምር፣ እንዲሰማቸው ለመነ። ቦታው እግዚአብሔርን አይወስነውም፤ የተበተነ ልባችንን ግን ይሰበስበዋል። ታቦቱ ባለበት፣ ሥጋውና ደሙ በሚፈተትበት ደጅ መቆም ከቤት ጸሎት የሚለየውም ስለዚህ ነው። ቁልቢ ሄዶ ሳይቆርብ፣ ቅዳሴ ሳያስቀድስ፣ ጧፍ አብርቶ ብቻ የተመለሰ ሰው ግን ግብዣ ቤት ደርሶ ሳይበላ እንደ ተመለሰ ነው።

ስለ መልአኩም በግልጽ እንነጋገር። ገብርኤልን እናከብረዋለን፣ አማላጅነቱን እንለምናለን፤ አናመልከውም። የአምልኮ ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው፤ ለመላእክትና ለቅዱሳን የምናቀርበው የጸጋ ስግደት ነው። እርሱም ለዘካርያስ ሲገለጥ ራሱን ያስተዋወቀው በእግዚአብሔር ፊት የሚቆም፣ የተላከ መሆኑን ተናግሮ ነው (ሉቃስ 1፥19)። «ገብርኤል ሰጠኝ» የምትሉ ሁሉ ሰጪው ማን እንደሆነ፣ ይዞ የመጣው ማን እንደሆነ በልባችሁ ለዩ።

አሁን ወደ በዓሉ ታሪክ እንግባ። ዳንኤል ምዕራፍ 3 ሦስቱን ወጣቶች ለማዳን ወደ እሳቱ የወረደውን መልአክ በስም አይጠራውም፤ ቤተ ክርስቲያናችን ገብርኤል መሆኑን ታስተምራለች፤ ታኅሣሥ 19ን የምናከብረውም ለዚህ ነው። ናቡከደነፆር 60 ክንድ ቁመት ያለው የወርቅ ምስል አቆመ፤ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል አንሰግድም አሉ፤ እቶኑ ከወትሮው 7 እጥፍ ነደደ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሦስቱ ወጣቶች ለንጉሡ ምን መለሱ? አምላካችን ሊያድነን ይችላል አሉ፤ ባያድነንም ግን ለምስልህ አንሰግድም ብለው ጨመሩ። መዳናቸውን ገና አላዩም። ለእግዚአብሔርም ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጡም። አዛርያ በእሳቱ መካከል ቆሞ ሲጸልይም ጸሎቱን የጀመረው «አውጣኝ» ብሎ አይደለም፤ አምላክን አመሰገነ፣ ቀጥሎም የሕዝቡን ኃጢአት ተናዘዘ። ነበልባሉ እንደ ጠል ያለ ነፋስ የሆነላቸው እንዲህ ለሚጸልዩ ሰዎች ነው።

የስለት ትምህርት ሁሉ እዚህ ውስጥ አለ። ስለት ከእግዚአብሔር ጋር የሚደረግ ንግድ አይደለም፤ ይህን ስጠኝና ያንን እከፍልሃለሁ የሚል ውል አይደለም። ራስ መኰንን ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ተስለው፣ በ1888 ዓ.ም. ድሉ ከተገኘ በኋላ በቁልቢ የገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩ ይነገራል፤ አሁን የሚታየው ትልቁ ሕንፃ በልጃቸው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራ ነው። ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ነገር ግን በ1898 ዓ.ም. ራስ መኰንን ከሐረር ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታመው ያረፉት እዚያው ቁልቢ ነው፤ ልጃቸው ተፈሪ፣ የኋላው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ገና የ13 ዓመት ልጅ ነበሩ። ስለታቸውን የፈጸሙ ሰው ስለታቸውን በፈጸሙበት ቦታ ሞቱ። ገብርኤል ተዋቸው ማለት ነውን? አይደለም። ስለቱ ምስጋና ነበር እንጂ ዕድሜ መግዣ አልነበረም።

ስለዚህ ከመሳልህ በፊት አስብ። ዘዳግም 23 የተሳልከውን አታዘግይ ይላል፤ ባትሳል ግን ኃጢአት የለብህም ብሎም ያሳርፈናል። እዚያው ምዕራፍ ላይ በርኩሰት የተገኘ ገንዘብ ለስለት እንዳይገባ ተከልክሏል። ሚዛን በማጉደል ወይም የሠራተኛን ደመወዝ በመያዝ የተገኘ ብር የወርቅ ጥልፍ ያለው ጃንጥላ ሆኖ ቢቀርብም ንጹሕ አይሆንም። ጌታም ለወላጆቹ የሚገባውን «ቁርባን ነው» ብሎ የከለከለውን ሰው ገሥጿል (ማርቆስ 7)፤ እናቱ መድኃኒት መግዣ አጥታ ሳለ ምንጣፍ ተሸክሞ ቁልቢ የሚወጣ ይህን ያንብብ። ከአቅሙ በላይ ተስሎ የተጨነቀም ብድር ውስጥ አይግባ፤ የነፍስ አባቱን ያማክር። ድንጋይ ያዘለችው እናታችንም አትሸማቀቅ፤ ሥጋዋም ከነፍሷ ጋር እየጸለየ ነው። ሥርየቱን የምታገኘው ግን ከድንጋዩ አይደለም፤ ከንስሐውና ከቅዱስ ቁርባኑ ነው።

ባለፈው ዓመት ልጅ ለምና ያልተሰጣት እኅት ዘንድሮ ባዶ እጄን ምን ይዤ ልውጣ ብላ ታፍር ይሆናል። ሌሎች ሕፃን ታቅፈው ለክርስትና ተሰልፈው ስታይ ልቧ ይሰበራል። ሐና በሴሎ እንዲሁ አልቅሳለች፤ ካህኑ ዔሊ እንኳ የሰከረች መስሎት ነበር (1ኛ ሳሙኤል 1)። ይሁንና ሐና ከጸለየች በኋላ በልታ ሄደች፤ ፊቷም ከዚያ ወዲያ አላዘነም። ሳሙኤል በዚያ ሰዓት ገና አልተፀነሰም ነበር። እኅቴ፣ አንቺም ውጪ፤ ቅዳሴው ሳይጀመር ድረሺ፣ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋግረሽ ከተዘጋጀሽም ቁረቢ።