መሄድ የተሳነው ሰው ወደ ባሮ ዳር ስለ መውጣቱ

ባሮ ከምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ወርዶ በጋምቤላ ከተማ የሚያልፍ ታላቅ ወንዝ ነው። አኙዋኮች ኦፔኖ ይሉታል። ጋምቤላ በ1899 ዓ.ም. የንግድ ወደብ ከሆነች በኋላ፥ በክረምት ውሃው ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች እስከዚህ ይደርሱ ነበር፤ ሲመለሱም ቡና ይጭኑ ነበር። መርከቡ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ዳርቻው ግን እስከ ዛሬ የከተማይቱ ሰዎች መናፈሻ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ይሰበስባል፥ ሽማግሌዎችም በማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጨዋወታሉ።

ከዚህ ደስታ የሚቀር ሰው አለ። እግሩ በልጅነት በሽታ የሰለለ፥ ወይም በጥይት የተጎዳ፥ ወይም በእርጅና ጉልበቱ የከዳው ሰው፥ ቤቱ ከወንዙ 500 ሜትር ቢርቅ እንኳ ዓመት ሙሉ ውሃውን ሳያይ ሊኖር ይችላል። የሚያስቀረውም ይበልጡን መንገዱ ነው። በጋምቤላ ከተማ በዓለም አቀፍ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲረዳ የቆየ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ፤ ነገር ግን ባለመንኮራኩር ወንበር የተሰጠው ሰው ወንበሩ የሚሄድበት መንገድ ከሌለ ምን ይጠቅመዋል?

ይህን ጉዳይ ብዙ ሰው እንደ ምጽዋት ይቈጥረዋል። ነገር ግን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1999 ዓ.ም. ያጸደቀው፥ ኢትዮጵያም በ2002 ዓ.ም. የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት፥ በ30ኛው አንቀጽ፥ መዝናናትና መጫወት የእነርሱም መብት መሆኑን ይናገራል። የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624/2001ም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ አዝዟል። አዋጁ ስለ ሕንፃ እንጂ ስለ ወንዝ ዳር አይናገርም፤ እዚያ አካፋና ዶማ ያስፈልጋል። ስለዚህ እናንተ ተማሪዎች የሚከተለውን አስተውሉ።

ከሁሉ አስቀድማችሁ ባለ ጉዳዩን ጠይቁት፤ ወዴት መሄድ እንደሚወድ፥ እንዴትም ሊረዱት እንደሚፈልግ እርሱ ያውቃል። ሳይጠይቁ አንሥቶ መሸከም ክፉ ልማድ ነው፤ ትልቁን ሰው እንደ ሕፃን ያደርገዋልና።

ቀጥሎ ጊዜውን ምረጡ። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ዝናብ ስለሚበዛ ጥቁሩ አፈር ጭቃ ሆኖ መንኮራኩሩን ይይዛል፥ ወንዙም ዳርቻውን ያጥለቀልቃል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ደግሞ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ። ኅዳርና ታኅሣሥ ይሻላሉ፤ ሰዓቱም ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይሁን። በዚህ ነገር ቸል አትበሉ። ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው ከጉዳቱ በታች በደንብ ስለማያልበው ሰውነቱ ቶሎ ይግላል። ስሜት የሌለው እግርም በፀሐይ በጋለ ብረት ሲቃጠል ባለቤቱ አያውቀውም። ስለዚህ የወንበሩን ብረት በእጃችሁ ዳስሱት፤ የሚጠጣ ውሃና እርጥብ ጨርቅም ያዙ።

የመንገዱን ልክ በሒሳብ ታገኙታላችሁ። በብዙ አገር ሕንፃ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ልክ 1 ለ12 ነው፤ ይኸውም 1 ሜትር ለሚወርድ ስፍራ 12 ሜትር ተዳፋት ይሠራል ማለት ነው። ዳርቻው 2 ሜትር ቢወርድ 24 ሜትር ያሻል። ይህን ያህል ርዝመት ቀጥታ ወደ ውሃው ከመቈፈር፥ በዳገቱ ጎን አግድም ማስኬድ ይቀላል። ወርዱ ከ1 ሜትር ከ20 አይነስ፤ 9 ሜትር ሳይሞላም ጠፍጣፋ ማረፊያ ይደረግለት። አፈሩን ጠጠር ጨምራችሁ ደልድሉት፤ በጎርፍ ስለሚሸረሸርም በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ይጠገናል። አሸዋ ሲያጋጥማችሁ ወንበሩን ወደ ኋላ አዙራችሁ ሳቡት፤ ትልቁ መንኮራኩር ሲቀድም ትንሹ አይሰምጥም።

መንገዱ የሚያልቀው ግን ከውሃው ጫፍ ላይ አይሁን። በባሮ አዞ አለ፤ በ1958 ዓ.ም. አንድ የውጭ አገር ወጣት በጋምቤላ አጠገብ ሲዋኝ በአዞ ተበልቶ ሞቷል። ፈጥኖ መሸሽ የማይችል ሰው ከፍ ባለው ዳርቻ፥ በጥላ ሥር፥ ወንዙን ከሚያይበት ስፍራ ይቀመጥ። ከግንድ የተፈለፈለው ታንኳም በቀላሉ ስለሚገለበጥ፥ ዋና ለማያውቅ ሰው እኔ አልመክረውም።

መልመጃ።
ከትምህርት ቤታችሁ በር ጀምራችሁ በአቅራቢያችሁ እስካለው ወንዝ ወይም የዛፍ ጥላ ድረስ ሂዱ፤ መንኮራኩር የማያልፍበትን ስፍራ ሁሉ ቍጠሩ። በመንገዱ ላይ 35 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው እርከን ብታገኙ፥ የተዳፋቱ ርዝመት ስንት ሜትር ይሆናል?