ቸርችል ጎዳና ላይ ለምትመላለሺው ልጄ

ልጄ፣ ባለፈው ስትደውዪልኝ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር የሚወርደውን ጎዳና ጠዋትና ማታ እንደምትመላለሺበት ነገርሽኝ። ከዚያም «አባባ፣ ለመሆኑ ይህ ቸርችል የሚባል ሰው ለእኛ ምን አደረገልን? እናመስግነው ወይስ ስሙን ከጎዳናው እንፋቀው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። በስልክ የሚመለስ ጥያቄ ስላልሆነ ዝም አልኩሽ። ሠላሳ ዓመት ታሪክ ሳስተምር ከኖርኩ በኋላ እንኳ ለመልሱ ጥቂት ቀን መቀመጥ አስፈልጎኛል። እነሆ ከከተማችን ከግምጃ ቤት፣ የሰውዬውን ሕይወት እየነገርሁ ሰባት ምክር ጻፍሁልሽ። ዓመቶቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ።

1. ሰውን በአንድ ቀኑ አትመዝኚው።

ዊንስተን ቸርችል ኅዳር 22 ቀን 1867 ዓ.ም. ብሌንሃይም በሚባል ቤተ መንግሥት ተወለደ። አያቱ መስፍን ነበሩ። ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣ ልጅ ሁሉ ነገር የሚሳካለት ይመስልሻል። እርሱ ግን የሳንድኸርስትን የጦር ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና ያለፈው በሦስተኛው ሙከራ ነው። በ23 ዓመቱ፣ ነሐሴ 28 ቀን 1890 ዓ.ም.፣ ሱዳን ውስጥ ኦምዱርማን ላይ ከፈረሰኞች ጋር ሆኖ ወደ ድርቡሽ ጦር ጋለበ። ጎንደርን በ1880 ዓ.ም. ያቃጠለው፣ አፄ ዮሐንስም በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲዋጉት የወደቁት ያው የድርቡሽ ጦር ነው። ፈረስ ላይ ሆኖ ወደ ጦር መግባት ምን እንደሆነ ለአገው ልጅ አላስረዳም። ነገር ግን ያ ወጣት በዚያ ቀን ብቻ ቢመዘን ደፋር ጋላቢ ተብሎ ይረሳ ነበር። ከዚያ በኋላ 66 ዓመት ኖሯል፤ በእነዚያ ዓመታት አገሩን ያዳነበትም አለ፣ ያጠፋበትም አለ። አንቺም የምትሰሚው ሙገሳ ወይም እርግማን ከየትኛው ዘመኑ እንደተቆረጠ ጠይቂ።

2. ስትወድቂ እጅሽን አጣጥፈሽ አትቀመጪ።

በ1896 ዓ.ም. በፓርላማ በቃሉ ሲናገር የያዘው ሐሳብ ጠፍቶበት ንግግሩን ሳይጨርስ ተቀመጠ። ገና በሠላሳ ዓመቱ አካባቢ የነበረ ሰው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ማፈሩን አስቢው። ከዚያ በኋላ ንግግሩን በጽሑፍ ሳያዘጋጅ መቆም ተወ፤ ዓለም የሚያደንቀው አንደበቱ ከዚያ እፍረት በኋላ በትጋት የተሠራ ነው። በ1907 ዓ.ም. ደግሞ የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሳለ አጥብቆ የደገፈው የዳርዳኔልስ ዘመቻ ከሸፈ፤ ብዙ ሺህ ወታደር አለቀ፤ እርሱም ሥልጣኑን አጣ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ በየጋዜጣው ተቆረጠ። በዚያው ዓመት የሥዕል ብሩሽ ያዘ፣ ቆይቶም ወደ ፈረንሳይ ወርዶ ምሽግ ውስጥ አገለገለ። ሐዘኑን ሥዕል በመሣል፣ በኋላ ደግሞ በገዛ እጁ ጡብ በመገንባት ያስታግሥ ነበር። አንቺም ያሰብሽው ሲፈርስ እጅሽ የሚሠራው ነገር አይጣ። እጅ ሲሠራ ልብ ይበርዳል።

3. ብቻሽን መቆምን ልመጂ።

የዚህ ሰው ትልቅነት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ለዚህ ነው ይህን ምክር ከሌሎቹ የማስረዝመው። ግንቦት 2 ቀን 1932 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን 65 ዓመቱ ነበር። የሂትለር ጦር በዚያው ቀን ወደ ሆላንድ፣ ቤልጅግና ፈረንሳይ ዘመተ። ሁለት ሳምንት ተኩል ሳይሞላ የእንግሊዝ ጦር በደንከርክ ጠረፍ ተከቦ ነበር። ያን ጊዜ በጦር ካቢኔው ውስጥ አንድ ሐሳብ ቀረበ፦ በሙሶሊኒ ሸምጋይነት የሰላም ውል ምን ይመስል እንደሆነ እንጠይቅ የሚል። ሐሳቡን ያመጡት ፈሪዎች አልነበሩም፤ ሒሳቡን ሲያሰሉት የማይወጣ ጦርነት የመሰላቸው ናቸው። ቸርችል ለቀናት ተከራክሮ እምቢ አለ። ድርድሩ አንዴ ከተጀመረ ተመልሶ መዋጋት እንደማይቻል ያውቅ ነበር።

አሁን ወደ አገርሽ ተመለሺ። ያን ሸምጋይ ይሁን የተባለውን ሙሶሊኒን የጎጃም ገበሬ አራት ዓመት ቀድሞ ያውቀው ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ። ሰኔ 23 ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ ለመንግሥታቱ ማኅበር ቢናገሩ የተነሣላቸው መንግሥት አልነበረም። ጠላት ለገባለት ማዕረግና ደመወዝ፣ ላልገባለት የአውሮፕላን ቦምብና መርዝ ጢስ ነበረው። ያም ሆኖ በምሥራቅ ጎጃም በላይ ዘለቀ፣ በምዕራቡ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ ከኋላቸውም ስሙ ያልተጻፈ ስንቁን ከሚስቱ ጓዳ ያወጣ ባላገር፣ እምቢ አሉ። ቸርችል የገጠመው ጥያቄ የመጣለት በ1932 ነው፤ እነርሱ የመለሱት ከ1928 ጀምሮ ነው። ይህን የምልሽ የማንንም ክብር ለመቀነስ አይደለም። ትልቁን ሰው ትልቅ ያሰኘው ነገር በአያቶችሽ ዘንድ እንደነበረ እንድታውቂ ነው።

4. ረዳት የሚደርሰው ለቆመ ሰው መሆኑን አትርሺ።

ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ኢጣሊያ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት አወጀች። በዚያ ቀን የእኛ ጠላት የእነርሱም ጠላት ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ወር ከእንግሊዝ ተነሥተው ወደ ካርቱም መጡ። በሱዳን የነበሩ ብዙ የእንግሊዝ ሹማምንት ነገሩን ሲያጓትቱ ቸርችል ከለንደን የንጉሡ ፍላጎት እንዲሟላ ገፋ። ነሐሴ ላይ እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ጥቂት ሰዎችን ይዞ ጎጃም ገባ። ከሠራቸው ሥራዎች ትልቁ መሣሪያ ማደል አልነበረም፤ የተቃቃሩትን መንገሻንና ነጋሽን ማስማማት ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው በእነርሱ ላይ ታየ።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማውን ሰቀሉ። ከእርሳቸው ጋር የዘመተው በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት የሚታዘዘው የጌዴዎን ጦር ሱዳናውያንና ከስደት የተመለሱ ኢትዮጵያውያን የነበሩበት ሁለት ሺህ ገደማ ሰው ነው። የካቲት ላይ ኢጣሊያ ዳንግላንና እንጅባራን ለቀቀች። አባቴ ያን ጊዜ እረኛ ልጅ ነበር። ስንቅና ጥይት የጫነ ግመል ከበረሃው ወደ እኛ ደጋ ሲወጣ ብርዱና ዳገቱ እየጣለው መንገዱ ሁሉ ሬሳ እንደነበር እስኪያረጅ ድረስ ይነግረን ነበር። ግመሉ ሲያልቅ ጭነቱን የተቀበለው የአገሬው አጋሰስና የአገሬው ትከሻ ነው። ከዚያ ቡሬ፣ ከዚያ ደምበጫ ተለቀቀ፤ መጋቢት 28 ንጉሡ ደብረ ማርቆስ ገቡ፤ ሚያዝያ 27፣ ጠላት በገባበት ቀን በአምስተኛው ዓመት፣ አዲስ አበባ ገቡ። ቸርችል በላከላቸው ቴሌግራም ከሕጋውያን ነገሥታት በፋሺስትና በናዚ ወንጀለኞች መጀመሪያ የተሰደዱት እርሳቸው እንደሆኑ፣ በድል መጀመሪያ የተመለሱትም እርሳቸው እንደሆኑ አስታወሳቸው።

ሁለት ሺህ ሰው በብዙ እጥፍ የሚበልጠውን ጦር ከጎጃም ያስወጣው አገሩ አስቀድሞ ስለሸፈተ ነው። ተኝቶ የነበረ አገር ቢሆን ዊንጌት ከግመሎቹ ጋር በቀረ ነበር። አንቺም እርዳታ ስትሺ አስቀድመሽ ቁሚ፤ የሚረዳሽ ሰው የሚይዘው እጅ ይፈልጋል።

5. ከወዳጅሽ ጋር ስትዋዋዪ ውሉን አንብቢ።

በ1930 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት ከሙሶሊኒ ጋር በተዋዋለው ስምምነት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ለመያዟ ዕውቅና ለመስጠት ተስማምቶ ነበር። ያን ያደረገው ከቸርችል በፊት የነበረው ጠቅላይ ሚኒስትር ቻምበርሌን ነው። ነገር ግን ነፃነት ከተመለሰ በኋላ፣ ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ በራሱ በቸርችል መንግሥት ዘመን የተፈረመው ውል ኦጋዴንን በእንግሊዝ ጦር አስተዳደር ሥር አቆየ፤ አማካሪዎቻቸውም በመንግሥታችን ሥራ ውስጥ ሰፊ ቦታ ያዙ። ንጉሠ ነገሥቱ አላመፁም፣ አላጎነበሱምም። ታኅሣሥ 1937 ውሉን በሌላ አስለወጡ። በየካቲት ወር ወደ ግብፅ ወርደው አስቀድመው የአሜሪካውን ሩዝቬልትን፣ ከቀናት በኋላ ቸርችልን አገኙ። ሁለተኛ ወዳጅ ያለው ሰው የመጀመሪያው ወዳጁ ያከብረዋል። ኦጋዴን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመለሰ። እስከዚያ በእንግሊዝ እጅ የቀረው የሐውድ ምድር የተመለሰበት ውል ኅዳር 20 ቀን 1947 ሲፈረም ጠቅላይ ሚኒስትሩ እንደገና ቸርችል ነበር። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ምስጋናውም ጥያቄውም አልተቋረጠም። ይህን ትዕግሥት ውረሺ።

6. ትልቅን ሰው ከነጥፋቱ ያዢው።

ይህ ፋሺዝምን የታገለ ሰው በጥር 1919 ዓ.ም. ሮም ሄዶ ሙሶሊኒን በጋዜጠኞች ፊት አሞግሶ ነበር። ለእንግሊዝ ነፃነት የታገለውን ያህል የህንድ ሕዝብ ራሱን በራሱ እንዲያስተዳድር አጥብቆ ተቃውሟል። በ1935 እና በ1936 ዓ.ም. ቤንጋል በረኃብ ስትመታ ሦስት ሚሊዮን ገደማ ሰው አለቀ፤ የእርሱ መንግሥት እህልና መርከብ ለመላክ ዘገየ። እኛ ረኃብን የምናውቅ ሕዝብ ነን፤ ይህን አንብበን ማለፍ አይገባንም። ጥፋቱ በጎውን አይሰርዘውም፣ በጎውም ጥፋቱን አይከፍለውም። ሁለቱንም በአንድ መዝገብ ጻፊያቸው። የከተማችን ስም ንብረት የሚጠበቅበት ቤት ማለት ነው፤ ንብረት ጠባቂ ገቢውንም ወጪውንም ይጽፋል። ገቢውን ብቻ የሚጽፍ ሌባ ነው።

7. ሥልጣን ሲለቅሽ ልቀቂው፤ ያየሽውን ግን ጽፈሽ አኑሪ።

ጀርመን ከተሸነፈች ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ ሕዝብ ቸርችልን በምርጫ ጣለው። ፖትስዳም ላይ ከስታሊንና ከትሩማን ጋር የጀመረውን ጉባኤ አቋርጦ ውጤት ሊሰማ ሄደ፤ ወደ ጉባኤው የተመለሰው ያሸነፈው አትሊ ነው። ቸርችል ወደ ቤቱ ገባ፣ የጦርነቱን ታሪክ ጻፈ፣ በ1944 በምርጫ ተመለሰ፣ በ1946 በሥነ ጽሑፍ የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ ጥር 16 ቀን 1957 ዓ.ም. በ90 ዓመቱ ሞቶ ከተወለደበት አጠገብ ባለች መንደር ተቀበረ።

ልጄ፣ በዚያው በ1937 ዓ.ም. የእኛ በላይ ዘለቀ አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ሞተ። አምስት ዓመት ሙሉ ጠላት ያልያዘው ሰው በነፃ አገሩ ገመድ አለቀ። ይህን ስጽፍልሽ እጄ ይከብዳል። አንደኛው አገር ጀግናውን በድምፅ አሰናብቶ መጽሐፉን ጠበቀ፤ የእኛው ጀግናውን ገድሎ ቃሉንም ሳይሰማው ቀረ። ከቸርችል የምቀናበት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ታሪኩን ራሱ ጽፎ ሞተ። የእኛ አርበኞች ታሪክ ግን አብዛኛው ከሽማግሌ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል።

እንግዲህ ለጥያቄሽ መልሴ ይህ ነው። የሰውዬው ስም ጎዳናው ላይ ይቆይ፤ በክፉ ቀን ከጎናችን የቆመን ሰው ስም መፋቅ የባለጌ ሥራ ነው። አንቺ ግን ስትወርጂና ስትወጪ፣ እርሱ ከመድረሱ በፊት አራት ዓመት ብቻቸውን የቆሙትን በልብሽ ጥሪ። ለጥር 23 የፈረሰኞች በዓል ነዪ። ፈረሰኞቻችን እንጅባራ ላይ የአድዋን ፈረሶች ሲያስቡ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ ሽማግሌዎች ይመጣሉ፤ የግመሎቹን ነገር ከአባቶቻቸው የሰሙ ናቸው። ደብተርና እስክሪብቶ ይዘሽ ነዪ፤ እኔ ከአጠገባቸው ቦታ እይዝልሻለሁ።