«ሙሉ» መስሎ የሚሞት ባትሪ

የማስነሻ ቁልፉ ሲጫን «ጠቅ» ብሎ ዝም የሚል ሞተር ሳይክል ባትሪው ሲለካ 12.4 ቮልት ሊያሳይ ይችላል። ታዲያ ጥፋቱ የሽቦው ነውን? ለመፍረድ አንቸኩል።

ሳይሞላ የቆየ ባትሪ በእርሳስ ሰሌዳዎቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይጠጥርበታል፤ ውስጣዊ ሬዚስታንሱም ያድጋል። 0.1 ኦም ደርሷል እንበል። ማስነሻው 50 አምፔር ሲስብ 5 ቮልት እዚያው ባትሪው ውስጥ ይባክናል፤ የሚተርፈው 7.4 ቮልት ብቻ ነው። መለኪያው ብቻውን ሲገናኝ ግን የሚስበው ኢምንት ስለሆነ ጉድለቱ አይገለጥም። ስለዚህ በባትሪው ዋልታዎች ላይ የምንለካው ማስነሻው እንደተጫነ ነው። ባትሪውን ሞልተነውም ንባቡ ከ9 ቮልት በታች ከወረደ እንለውጠው፤ ካልወረደ ያኔ ሽቦውን እንጠርጥር።

ሞተሩን ገፍተው አስነስተው ባትሪውን የሚነቅሉ አሉ፤ እኛ አንመክረውም። የጄኔሬተሩን መዋዠቅ የሚያለዝበው ባትሪው ነውና፣ እርሱ ሲነሳ በብዙ ሞተር ሳይክሎች ቮልቴጁ አሻቅቦ አምፖል ያቃጥላል። አዲስ ባትሪ ገብቶ፣ ሞተሩ በመካከለኛ ፍጥነት ሲሠራ ንባቡ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ካልሆነ፣ አሮጌውን የገደለው ሬጉሌተሩ ሊሆን ይችላል።