መሪውን ባንይዝም

የዛሬው ትምህርታችን እየነዱ ስልክ ስለ መነካካት ነው። «እኛ መች መኪና እንነዳና?» የምትሉ እንደምትኖሩ እናውቃለን። ነገር ግን ልጆቹን ትምህርት ቤት ስናደርስ፣ ከማዳም ጋር ገበያ ስንወጣ፣ በዕረፍት ቀናችን ታክሲ ስንሳፈር ሕይወታችን ያለው መሪውን በያዘው ሰው እጅ ነው። ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በሌላው እጁ ስልክ ይዟል።

በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሹፌሩ መልእክት ለማንበብ ዓይኑን ለ3 ሰከንድ ከመንገዱ ቢያነሣ ከ80 ሜትር በላይ ዓይኑን ጨፍኖ ነዳ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እየነዳ ስልክ የሚጠቀም ሰው አደጋ የማድረስ ዕድሉ ከማይጠቀመው 4 እጥፍ ያህል ይበልጣል። «በጆሮ ማዳመጫ ከሆነ ምን ችግር አለው?» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እጁ ነፃ ቢሆንም አሳቡ ግን አልተፈታም። በስልክ የሚከራከር ሰው ቀዩን መብራት እያየው እንኳ ልብ ላይለው ይችላል።

ታዲያ አሠሪን «ስልኩን ተዪ» ማለት ይቻላል? ቀላል አይደለም፤ እንጀራችን በእርሷ እጅ ነው። ስለዚህ ከመገሠጽ ይልቅ ማገዝ ይሻላል እንላለን። ስልኩ ሲጮኽ «ማማ፣ አና አሩድ» (እኔ ልመልስ) ብሎ እጅን መዘርጋት ማንንም አያስቀይምም። «ፊ ካሜራ» (ካሜራ አለ) ማለትም ይሠራል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እየነዱ ስልክ መያዝ 800 ድርሃምና 4 ጥቁር ነጥብ ያስቀጣል፤ በኩዌት ደግሞ ከ2025 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ቅጣቱ 75 ዲናር ሆኗል። ከነፍስ ይልቅ ቅጣት የሚያስፈራው ሰው አይጠፋምና! ከተቆጣች ግን ዝም በሉ፤ ቀበቶአችሁ ብቻ ይታሰር፣ ከኋላ ብትቀመጡም ጭምር።

የሹፌርን አሳብ የሚሰርቀው ስልክ ብቻ አይደለም። ከኋላ ልጅ ሲያለቅስ፣ ጭማቂ ሲደፋ ማዳም ዞር ትላለች። ጡጦውንና መጫወቻውን ከመነሣታችን በፊት አጠገባችን ካዘጋጀን መዞር አያስፈልጋትም። ሕፃኑን ግን አቅፈን አንቀመጥ። አቅፎ መያዝ ፍቅር ይመስላል፤ ልጁም ያለቅሳል፣ እናቱም «እቀፊው» ትላለች። ሆኖም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ድንገት ቢጋጭ፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ለዚያች ቅጽበት ከአንድ ኩንታል ጤፍ በላይ ይከብዳል። ይህን የሚይዝ ክንድ የለም። ቦታው የሕፃናት መቀመጫው ነው፤ እያለቀሰም ቢሆን።

አገር ቤት ስንደውልም እንጠንቀቅ። ወንድማችን ወይም ባለቤታችን ሚኒባስ ወይም ባጃጅ የሚነዳ ከሆነ፣ መጀመሪያ የምንጠይቀው «እየነዳህ ነው ወይ?» ብለን ይሁን። አዎ ካለ እንዝጋው። ናፍቆት አንድ ሰዓት ቢጠብቅ አይበላሽም።

በእግር ስንሄድ ደግሞ አሳባችንን ስልክ የሚሰርቀው የእኛኑ ነው። ማታ ቆሻሻ ለመጣል ወጥተን፣ ማዳመጫ በጆሮአችን ሰክተን፣ በቪዲዮ ከቤተሰብ ጋር እየተያየን መንገድ የምናቋርጥ ጥቂቶች አይደለንም። ለብዙዎቻችን በነፃነት የምናወራባት ሰዓት ያቺ ብቻ ስለሆነች አንፈርድም። መንገዱን ተሻግረን፣ ዳር ቆመን እናውራ። ዜብራ ላይም ቢሆን መኪናው መቆሙን በዓይናችን ሳናይ አንግባ፤ ሹፌሩ ስልኩን እያየ ይሆናል።

በሳዑዲ ዓረቢያ ከሰኔ 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሴቶች መንዳት ተፈቅዶላቸዋል፤ በሌሎቹም የባሕረ ሰላጤው አገሮች በሹፌርነት የሚቀጠሩ ሴቶች አሉ። ይህን ሥራ የያዛችሁ እህቶች፣ የሚያስቸግራችሁ የአሠሪዋ ስልክ እንደሚሆን እንገምታለን፤ «ለምን አላነሣሽም?» ትላለችና። ሥራ በጀመራችሁበት ቀን «እየነዳሁ አላነሣም፤ ቆሜ እደውላለሁ» ብላችሁ ተነጋገሩ። ከመነሣታችሁ በፊት የምትሄዱበትን ካርታው ላይ አስገቡ፤ ካርታ የማያስፈልጋችሁ ከሆነ ስልኩን ድምፁን አጥፍታችሁ ቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳውን ከኋላ ወንበር ላይ አድርጉት። አምስት ጊዜ ብትደውልም፣ መኪናውን ዳር ካቆማችሁ በኋላ መልሳችሁ ደውሉላት።